ሳትነጫነጩ የምግብ ሰዓታችሁን እንዴት ታስተካክላላችሁ?

አምና ቁርስ መብላት ተውኩ። አንድ ጓደኛዬ «በቀን 16 ሰዓት ጹም፣ የቀረው 8 ሰዓት ውስጥ ብላ» አለኝና በማግስቱ ዘው ብዬ ገባሁበት። በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ልጄ የሂሳብ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ቆመች። «አባዬ፣ ይቺን አሳየኝ» አለችኝ። ጮኽኩባት። ምንም አልመለሰችም፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ጓዳ ገባች። ምሳ ከበላሁ በኋላ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ጥያቄዋ ክፍልፋይ መደመር ነበር፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብንም።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ብዙ አነበብኩ፣ በራሴም እንደገና ሞከርኩት። የገባኝ ይሄ ነው፦ ረሃብ ሰዓት ጠብቆ ይመጣል። ሰዓቱን ቀስ ብላችሁ ካለማመዳችሁት ጭንቅላታችሁም ጠባያችሁም አብሮ ይለምዳል፤ በአንድ ጊዜ በጉልበት ከገባችሁበት ግን መከራውን የሚያየው አጠገባችሁ ያለው ሰው ነው።

ማን ይተወው?

በቅድሚያ ይሄን አንብቡ። ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስዱ፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አንድ ምግብ እንኳ አትዝለሉ። ስኳር ከመጠን በላይ ሲወርድ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ነገር ያምታታል፣ ከባሰም ራስ ያስታል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ በምግብ ምክንያት ከዚህ በፊት ራሱን ያስራበ ወይም እየበላ የሚያስመልስ ሰው፣ አቅም ያነሳቸው አዛውንት ይለፉት። ልጆችንም አደራ። በ2025 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ አለ። አዋቂዎች ለአጭር ጊዜ ሲጾሙ በትኩረትና በማስታወስ ፈተና ከበሉት ሰዎች እምብዛም አላነሱም፤ ልጆች ላይ ግን ውጤቱ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ልጅን ቁርስ አብልታችሁ ነው ትምህርት ቤት የምትልኩት።

ጭንቅላት ውስጥ ምን ይሆናል?

አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ቢሆን ነው። ጉልበት ሲበላ ግን 20 በመቶውን ለብቻው ይወስዳል። የሚወደው ስኳር ነው፤ ምግብ ሳንበላ ስንቆይ ጉበት ካጠራቀመው ላይ እየቆነጠረ ይሰጠዋል። ከመጨረሻው ጉርሻ በኋላ 12 ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ይሄ ክምችት እየሳሳ ይሄዳል፣ ብዙ የተንቀሳቀሰ ሰው ደግሞ ቶሎ ይጨርሰዋል። ያኔ ሰውነት ስብ ማቅለጥ ይጀምራል፣ ጉበትም ከስቡ ኪቶን የሚባል ነገር ያዘጋጃል፣ አንጎልም በሱ ይሠራል።

አስቸጋሪው መሸጋገሪያው ነው። ያልለመደ ሰውነት ስኳር ሲያንስበት እንደ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖችን ይለቃል፤ ስንደነግጥና ስንጨነቅ የሚለቀቁት እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ የሆድ ባዶነት እንደ ንዴት ሆኖ ይሰማናል። የኔን ቅዳሜ አስታውሱ። ስለ ጾም ለብዙ ዓመት ያጠኑት ማርክ ማትሰንና ራፋኤል ደ ካቦ በ2019 በአንድ ትልቅ የሕክምና መጽሔት ላይ እንደጻፉት፣ መነጫነጩና ሐሳብ መሰብሰብ ማቃቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ይለቃል። እኔ አራት ቀን ነበር የሰጠሁት።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፦ «ጾም የአንጎል ሴል ያድሳል» እየተባለ በየቪዲዮው የሚነገረው በአብዛኛው በአይጥ ላይ የታየ ነው። ለዚያ ብላችሁ አትጀምሩ።

1. ሦስት ቀን ዝም ብላችሁ ጻፉ

ምንም አትቀይሩ። ጠዋት አፋችሁ የገባው የመጀመሪያው ነገር በስንት ሰዓት ነው? ማታስ የመጨረሻው? ስኳር ያለው ሻይ ይቆጠራል። ማኪያቶ ይቆጠራል። ወጥ ሲሠራ የሚቀመሰው፣ ከልጅ ሰሃን የሚነሳው ትርፍራፊ፣ ከቡና ጋር የሚቆረጠመው ቆሎና ፈንዲሻ ሁሉ ይቆጠራል። ከጎኑ በዚያ ሰዓት እንዴት እንደነበራችሁ በአንድ ቃል ጻፉ፦ ደህና፣ ተናዳጅ፣ እንቅልፋም፣ ንቁ።

እኔ በቀን ሦስቴ የምበላ ይመስለኝ ነበር። ስጽፈው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሻይ ይጀምርና ማታ አራት ሰዓት ላይ በዳቦ ያልቃል፤ አሥራ አምስት ሰዓት ማለት ነው። ካሊፎርኒያ በሚገኘው ሶልክ ኢንስቲትዩት የሚሠራው ሳቺን ፓንዳ በ2015 ሰዎች የሚበሉትን ሁሉ በስልካቸው ፎቶ እያነሱ እንዲልኩ አድርጎ ነበር፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መብላታቸው በቀን 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ የተዘረጋ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የምንተኛበት ጊዜ ሲቀር አፋችን ሥራ አይፈታም ማለት ነው።

2. ከእራት ጀምሩ፣ ከቁርስ አትጀምሩ

አብዛኛው ሰው ቁርስ ይተዋል፣ ምክንያቱም ይቀላል። እኔ ግን ከእራት ጀምሩ ነው የምለው። አንጎል ውስጥ 20,000 ገደማ ሴሎች ያሉት ዋና ሰዓት አለ፣ እሱ የሚሞላው በብርሃን ነው። ጉበትና ሌሎች የውስጥ አካላትም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፣ እነሱ በተለይ የምግብ ሰዓት ያያሉ። ከመሸ በኋላ የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነው ሜላቶኒን ይነሳል፣ ኢንሱሊን ይደክማል። በዚያ ሰዓት ሆድ ሙሉ ስትበሉ አንጎል «መሽቷል» ሲል ጉበት «ኧረ ገና ነው» እንደማለት ነው።

ይሄ ደግሞ ስሜትን ይነካል። ቦስተን ውስጥ የፍራንክ ሺር ቡድን በ2022 ባወጣው ጥናት 19 ሰዎችን ላቦራቶሪ አስገብቶ እንደ ሌሊት ሠራተኛ አኖራቸው። ቀንም ሌሊትም የበሉት ላይ የድብርት ስሜት በ26 በመቶ፣ የጭንቀት ስሜት በ16 በመቶ ጨመረ። ቀን ቀን ብቻ የበሉት ላይ አልጨመረም። አነስተኛ ጥናት ነው፣ ግን ዋሽንግተንም ሆነ ሌላ ቦታ ሌሊት ተረኛ ሆናችሁ አረጋውያን የምትንከባከቡ፣ ፓርኪንግ የምትጠብቁ ሁሉ ልትሞክሩት ይገባል፦ ዋናውን ምግብ ከተረኝነት በፊት ብሉ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የሚመጣውን ሩዝ ተዉት።

እንዴት ታደርጉታላችሁ? የእራት ሰዓታችሁን በየሦስት አራት ቀኑ በግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጉት። ሦስት ሰዓት ከነበረ ሁለት ተኩል፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት። ግባችሁ መጀመሪያ 12 ሰዓት ከምግብ ማረፍ ብቻ ይሁን፣ ለምሳሌ ከማታ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። ከዚህ በላይ ለመሄድ አንድ ወር ጠብቁ።

«የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሁለት ሰዓት ቤት እገባለሁ፣ ምን ላድርግ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። ያገኘሁት መላ መክሰስን ማጠንከር ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቢሮ ሳልወጣ በሶ በጥብጬ እጠጣለሁ ወይም ከቤት የያዝኩትን ንፍሮ እበላለሁ። ቤት ስገባ ያቺ ሽሮ ትበቃኛለች፣ ድስት ይዤ አልቀመጥም።

3. ቡናውን አትንኩ፣ ሰዓቱን ግን አክብሩ

ብዙ ሰው በጾም የመጀመሪያ ቀናት የሚያመው ራስ ምታት ከረሃብ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ የቡና ነው። የለመደ ሰው ቡና ሲያጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ውስጥ ራሱን ይይዘዋል። ስለዚህ ቁርስ ብታዘገዩም ቡናችሁን በለመዳችሁት ሰዓት ያለ ስኳር ጠጡ፣ ጨጓራ ያለባችሁ ካልሆናችሁ በቀር። ምንም በማይቀመስበት ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ በየቀኑ ስኒውን ቀንሱ።

ከሰዓት በኋላ ያለችው ቡና ላይ ግን ጠንቀቅ። ካፌይን ሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ስኒ የጠጣ ሰው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንዷ ስኒ ገና አላለቀችም። እንቅልፍ የጎደለው ሰው ደግሞ በማግስቱ ይበልጥ ይርበዋል፣ ይበልጥ ይቆጣል፣ የምግብ ሰዓቱንም መጠበቅ አይችልም።

4. ረሃብ ሲመጣ እንደ ማዕበል ቁጠሩት

ሆዳችን ግሬሊን የሚባል የረሃብ ሆርሞን ይሠራል፣ ጃፓኖች በ1999 ነው ያገኙት። ይሄ ሆርሞን በለመድነው የምግብ ሰዓት ከፍ ይላል፣ ባንበላም ጥቂት ቆይቶ ራሱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ የሚበላ ሰው ሰባት ሊሆን ሲል ይራባል፣ ስምንት ተኩል ላይ ሥራ ከያዘው ግን ረስቶታል። ይሄን ማወቁ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ያቺ ማዕበል ስትመጣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ፣ ተነስታችሁ ትንሽ ተራመዱ። ከባድ ሥራ፣ ሒሳብም ይሁን ጽሑፍ፣ ከማዕበሉ በፊት ጨርሱ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስልክ ላይ ሰው አትመልሱ፣ ልጅ አትቆጡ፣ የገንዘብ ነገር አትወስኑ። ለቤት ሰውም ንገሩ። እኔ ለባለቤቴ «እስከ ስድስት ሰዓት ታገሺኝ» ብያታለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

የሚያፋጅና የማይለቅ ረሃብ ግን ማዕበል አይደለም፣ ምግብ አንሷችኋል ማለት ነው። በ1944 እና በ1945 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ አንሴል ኪይስ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንት ምግባቸውን በግማሽ ገደማ ቀንሶ አጥንቷቸው ነበር። ልጆቹ ተነጫነጩ፣ ተደበሩ፣ ከሰው ተለዩ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ብቻ ያስቡ ጀመር፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስቡም ነበሩ። እኛ የምንቀይረው ሰዓት ነው፤ የሚበላው መጠን በቂ መሆን አለበት።

5. ስትገድፉ ቀስ

ባዶ ሆድ ላይ ለስላሳ ጠጥቶ ነጭ ዳቦ የበላ ሰው ስኳሩ ሽቅብ ይወጣና ቶሎ ይወርዳል፣ እሱም ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል። ውሃ አስቀድሙ። ከዚያ ምስር ወይም ጎመን ከፊት፣ እንጀራው አብሮ፣ ጣፋጩ ካለ በመጨረሻ። አንድ ጊዜ ጠግቦ ከመነሳት ግማሹን በልቶ ትንሽ መቆየት ይሻላል።

ስለ ሃይማኖት ጾም

የዐቢይ ጾም 55 ቀንም ሆነ ረመዳን ዓላማው ሌላ ነው፣ ለአእምሮ ጥቅም ተብሎ አይጾምም። ሰውነት ግን ያው ሰውነት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ማታ ሁለት ሰዓት ከበላችሁ 19 ሰዓት ትቆያላችሁ፣ ስለዚህ ከሰባት ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ቀለል ላለ ሥራ ተዉት። ረመዳን ላይ ደግሞ ምግቡ ወደ ሌሊት ስለሚዞር ዋናው ጠላት የእንቅልፍ እጥረትና የውሃ ጥም ነው፤ ሱሁርን ወደ ንጋት አቅርቡ፣ ቀን አጭር እንቅልፍ ካገኛችሁ አትለፏት።

ከወር በኋላ ደብተሩን ግለጡ

«ተናዳጅ» የሚለው ቃል ቀንሷል? እንቅልፍስ? ደህና ከሆነ ቀስ ብላችሁ ወደ 14 ሰዓት ማራዘም ትችላላችሁ፣ ካልፈለጋችሁም 12ቱ ይበቃል፣ እኔ 13 ላይ ነው የቆምኩት። ማዞር፣ የእንቅልፍ መረበሽ፣ ወይም ሰዓቱ ሲደርስ ራስን እስከመሳት መብላት ከመጣ አቁሙ።

ሰርግ ቤት ወይም ለቅሶ ቤት ሄዳችሁም «ሰዓቴ አልፏል» ብላችሁ ሰው አታስቀይሙ። ብሉ። በማግስቱ ቁርሱን በተለመደው ሰዓት ቀጥሉ።