የዲቫይስ ትሪ ኮድን ስናደራጅ ዲቲቢው ንቅንቅ እንዳይል

ዲቫይስ ትሪ ማደራጀት ሲያዩት ቀላል ነው። ከአንዱ ፋይል ቆርጦ ሌላው ላይ መለጠፍ ነው። ግን አንዲት መስመር ቦታዋን ከሳተች ትናንት ደህና ሲነሳ የነበረ ቦርድ ዛሬ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ የተነካው ደግሞ የኮንሶሉ ወደብ ከሆነ የት ላይ እንደቆመ የሚነግራችሁ አንድ መስመር እንኳ አታገኙም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ማደራጀት ማለት ምንጩን ቀይሮ ውጤቱን ባለበት ማቆየት ነው። ውጤቱ ከተቀየረ ሌላ ሥራ ነው፣ በሌላ ፓች (ተለይቶ በሚላክ ለውጥ) ይምጣ።

ለአዲስ ሰው ባጭሩ፦ ዲቫይስ ትሪ ለከርነሉ (ለሊኑክስ እምብርት) «እዚህ ቦርድ ላይ ይሄ ይሄ ዕቃ አለ፣ አድራሻው ይሄ ነው» ብሎ የሚነግር መግለጫ ነው። የቦርዱ ፋይል ዲቲኤስ ይባላል፣ ቦርዶች የሚጋሩት ዲቲኤስአይ። ዲቲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ወደ ዲቲቢ ይቀይረዋል፣ ቡትሎደሩ (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ያን ለከርነሉ ያቀብላል። ድሮ በሊኑክስ የአርም (የፕሮሰሰር ዓይነት ነው) ክፍል ይሄ ሁሉ ለየቦርዱ በሲ ኮድ ነበር የሚጻፈው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ሊኑስ ቶርቫልድስ ዝርክርክነቱን በአደባባይ ካማረረበት በኋላ ነው ወደ ዲቫይስ ትሪ መዞሩ የተጣደፈው።

ሥራው የሚጀምረው ምንም ሳትነኩ ነው። ሜክ ዲቲቢኤስ ብላችሁ ሁሉንም ገንቡ። የምትነኩትን ቦርድ ብቻ አይደለም፣ ያንን ዲቲኤስአይ የሚያካትቱትን በሙሉ። የወጡትን ዲቲቢዎች ከከርነሉ ፎልደር ውጭ አስቀምጡ። መመዘኛችሁ እነሱ ናቸው።

ከዚያ ምን የት እንደሚሆን ወስኑ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ቺፑ ውስጥ ያለ ነገር የቺፑ ፋይል ውስጥ፣ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነገር የቦርዱ ፋይል ውስጥ። አንድ የዩአርት (የሲሪያል መገናኛ) ወደብን እንውሰድ። አድራሻው፣ የኢንተራፕት ቁጥሩና የክሎክ መስመሩ የቺፑ ስለሆኑ ዲቲኤስአዩ ውስጥ ይጻፋሉ፣ ስታተሱም «ዲስኤብልድ» ይባላል። ወደቡን ፒን አውጥቶ የተጠቀመበት ቦርድ በ«&» ምልክት በሌብሉ (በመጥሪያ ስሙ) ጠርቶ «ኦኬይ» ያደርገዋል፣ ፒኖቹንም ይመርጣል። ኤልኢዲ፣ ቁልፍ፣ የኃይል መቆጣጠሪያ የቦርዱ ናቸው። በሁለት ቦርድ ላይ ተመሳስለው ስለታዩ ብቻ ወደ ቺፑ ፋይል አትግፏቸው። በተለይ የጋራ ፋይል ሠርታችሁ እያንዳንዱ ቦርድ ውስጥ «ዲሊት ኖድ» (ኖድ ለአንድ ዕቃ የተጻፈው ክፍል ነው) እያላችሁ መሰረዝ ከጀመራችሁ፣ አከፋፈሉ ልክ አይደለም። እኔ በበኩሌ አስር መስመር ቢደገም እመርጣለሁ፣ አራት ፋይል ከፍቶ አንድ ዋጋ ከመፈለግ።

የመስመር ቅደም ተከተል ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ዲቲሲ አንድ ዋጋ ሁለቴ ሲያገኝ የመጨረሻውን ነው የሚይዘው። የጋራው ፋይል የኤስዲ ካርዱን ፍጥነት 200 ሜጋኸርትዝ ይለዋል፣ አንዱ ቦርድ ግን 50 ላይ ወስኖታል እንበል። የጋራውን ፋይል የምታካትቱበት መስመር ከቦርዱ ይዘት በታች ከወረደ 200ው ያሸንፋል፣ ካርዱ እየቆየ ስህተት ማንበብ ይጀምራል፣ ኮምፓይለሩ ግን ትንፍሽ አይልም። ማካተቻው ሁልጊዜ ከላይ ይሁን።

ፋይል ወደ ሌላ ፎልደር ስትወስዱ ደግሞ መውሰዱን ብቻውን አንድ ኮሚት (በጊት የሚመዘገብ ለውጥ) አድርጉት። በጊት ኤምቪ አንሱት፣ ይዘቱን አትንኩ፣ ፓቹን ስታወጡም የኤም አማራጭን ጨምሩ፤ ያኔ ሪቪው የሚያደርገው ሰው ሺህ መስመር ሳይሆን «ይህ ፋይል ወደዚህ ሄደ» የምትለዋን ብቻ ያነባል። ትልቁ ምሳሌ በ2023 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ 6.5 ላይ የሆነው ነው። ባለ 32 ቢት አርም ፎልደር ውስጥ አንድ ላይ ታጭቀው የነበሩ ከሺህ በላይ ፋይሎች በየአምራቹ ንዑስ ፎልደር ገቡ። እዚያ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። የራስበሪ ፓይ 4 መግለጫ የሚኖረው በ32 ቢቱ በኩል ነው፣ የ64 ቢቱ ፋይል እሱኑ ያካትታል። ስለዚህ አንዱን ስታነሱ የሌላው የማካተቻ መንገድ አብሮ መታረም አለበት። ሜክፋይሉና የሜይንቴነሮች (የየኮዱ ኃላፊዎች) ዝርዝር ላይ ያሉ የፋይል መንገዶችም እንደዚያው። ሲጫኑ ግን ዲቲቢዎቹ እንደ ድሮው ያለ ንዑስ ፎልደር እንዲቀመጡ ተደርጓል፣ ምክንያቱም ዲስትሮዎችና የቡት ስክሪፕቶች በዚያ ቦታ ነው የሚፈልጓቸው።

አሁን አወዳድሩ። ፎልደር ብቻ ከቀየራችሁ ዲቲቢው ባይት በባይት አንድ መሆን አለበት። ኖዶችን ከፋይል ፋይል ካዘዋወራችሁ ቅደም ተከተሉና የፒሃንድል ቁጥሮቹ (አንዱ ኖድ ሌላውን የሚጠራባቸው) ሊቀየሩ ይችላሉ፣ በሽታ አይደለም። ለዚህ ከከርነሉ ጋር የሚመጣውን ዲቲኤክስ ዲፍ ተጠቀሙ፤ ሁለቱንም ወደ ጽሑፍ መልሶ፣ በቅደም ተከተል ደርድሮ ያሳያችኋል። ከፒሃንድል ቁጥርና እሱን ከሚጠሩ ቦታዎች ሌላ ልዩነት ካያችሁ ቁሙና ምንጩን ፈልጉ።

ስም መቀየር የሚያምራችሁ ከሆነ ደግሞ ይሄን እወቁ። የኖድ ስም ሲቀየር መንገዱ ይቀየራል፣ በዚያ መንገድ የሚፈልገው ቡትሎደር ካለ አያገኘውም። ሌብል በተለምዶ ዲቲቢው ውስጥ አይገባም፣ ግን ከነሲምቦሉ (ከሌብሎቹ ዝርዝር ጋር) ከተገነባ ይገባል፣ ኦቨርሌዮችም (ዲቲቢው ላይ በኋላ የሚደረቡ መግለጫዎች) የሚይዙት እሱን ነው። ኮምፓቲብል የሚለውን ዋጋ ግን ለማሳመር ብላችሁ በጭራሽ አትንኩ፤ ድራይቨሩ የሚያውቀው በእሱ ነው፣ የቆየ ከርነል የጫነ ሰውም አለ።

መጨረሻ ላይ ሜክ ዲቲቢኤስ ቼክ ብላችሁ አሂዱ፤ ዲቲቢዎቹን ከተጻፈው ደንብ ጋር ያመሳክራል። ድሮም የነበረ ማስጠንቀቂያ ካለ ለብቻው ፓች ይዘጋጅለት፣ አዲስ የመጣ ካለ ግን የእናንተ ነው። ቢያንስ አንድ እውነተኛ ቦርድ አስነሱ፣ ኔትወርኩንም ካርዱንም ሞክሩ። ጌት ሜይንቴነር የሚለው ስክሪፕት ለማን እንደምትልኩ ይነግራችኋል። የኮሚቱ መልእክት ላይ የትኞቹን ዲቲቢዎች እንዳወዳደራችሁና ምን ልዩነት እንዳገኛችሁ ጻፉ።