የእንግሊዝን ጫካ ሲመዘግቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከለንደን በሴንትራል ላይን ባቡር ሄደው ላውተን ወይም ቴይደን ቦይስ ቢወርዱ፣ ትንሽ በእግር እንደተጓዙ ኤፒንግ ደን ውስጥ ይገባሉ። ወደ 2,400 ሄክታር የሚሰፋ አሮጌ ጫካ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1878 ራሱን የቻለ ሕግ ወጥቶለት ታጥሮ የግል ይዞታ ከመሆን ተርፏል፤ ዛሬም የሚያስተዳድረው ሲቲ ኦፍ ለንደን ኮርፖሬሽን ነው። ኦክ፣ ቢችና ሆርንቢም የሚባሉት ዛፎች ሞልተውታል። ጠቆር ያሉ አጋዘኖችም አሉበት።

እንዲህ ያለ ጫካ ውስጥ የሚያዩትን ወፍ፣ አበባና ቢራቢሮ መመዝገብ በእንግሊዝ የቆየ ልማድ ነው። ሮበርት ማርሻም የተባለ የኖርፎክ ባለርስት የጸደይን ምልክቶች በየዓመቱ መጻፍ የጀመረው በ1736 ነበር። አሁንም ከመረጃው እጅግ የሚበዛውን የሚሰበስቡት ማንም ደመወዝ የማይከፍላቸው ሰዎች ናቸው። ማንም ሊገባበት ይችላል፤ እኛም ጭምር።

አንድ መዝገብ አራት ነገር ይይዛል፦ ምን ታየ፣ የት፣ መቼ፣ ማን አየው። ቀላል ይመስላል። ግን ሰው ሲጽፍ ለራሱ ይጽፋል። እርስዎ ቦታውን ያውቁታል፣ ቀኑም ትዝ ይልዎታል። ያንን መዝገብ የሚያነበው ሰው ደግሞ አብሮዎት አልነበረም። ምናልባት ገና አልተወለደም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ሰው ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ቦታውን “ኤፒንግ ደን” ብሎ መተው

“ኤፒንግ ደን ውስጥ ግንደ ቆርቁር አየሁ።” ደስ ይላል፤ ግን ጫካው ከጫፍ እስከ ጫፍ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የትኛው ጥግ ላይ?

እንግሊዞች ለዚህ ግሪድ ሪፈረንስ የሚሉት የካርታ ቁጥር አላቸው። አገሩ 100 ኪሎ ሜትር በ100 ኪሎ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ተሸንሽኗል፤ እያንዳንዱ ካሬ በሁለት ፊደላት ይጠራል። ከፊደላቱ ቀጥሎ ስድስት አሃዝ ከጻፉ፣ 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነች ቦታ አሳዩ ማለት ነው። በስምንት አሃዝ 10 ሜትር በ10 ሜትር ድረስ መውረድ ይቻላል። ለምሳሌ ጫካው ውስጥ ያለው ላውተን ካምፕ የሚባል ጥንታዊ ምሽግ የሚገኘው ቲ ኪው 418 975 ላይ ነው።

ቁጥሩ ሲጻፍ ሰው የሚስተው መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን ነው። ወደ ምሥራቅ የሚቆጠረው ይቀድማል፣ ወደ ሰሜን የሚቆጠረው ይከተላል። የላውተን ካምፕን ቁጥር ገልብጠው ቲ ኪው 975 418 ካሉት ኬንት ውስጥ፣ አሽፎርድ ከተማ አጠገብ ያርፋሉ። ፊደላቱን መተውም ያው ነው፤ ቁጥሮቹ በየካሬው ይደጋገማሉ። ኤፒንግ ደን ደግሞ ሁለት ካሬ ላይ ተዘርግቶ የተኛ ጫካ ነው። ወደ ሰሜን ሲገፉ ፊደሉ ከቲ ኪው ወደ ቲ ኤል ይቀየራል። አምብረስበሪ ባንክስ የተባለው ሌላው ምሽግ ያለው በቲ ኤል በኩል ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ስንፍናው ነው፦ ቤት ገብቶ፣ ስልክ ላይ ካርታ ከፍቶ፣ የጫካው መሃል ላይ ነጥብ ጣል ማድረግ። በዚህ የተነሳ ካርታው ላይ ሃያ ዓይነት ፍጥረት አንድ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሲኖር ይታያል። ጥቅጥቅ ባለ ቅጠል ሥር የስልክ ጂፒኤስም ይዋዥቃል፤ የቆሙበትን መንገድ ከካርታው ጋር ያመሳክሩ። ካልተማመኑ ሰፋ ያለ ካሬ ይስጡ። አራት አሃዝ፣ ማለትም የ1 ኪሎ ሜትር ካሬ፣ ከተሳሳተ ስምንት አሃዝ ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ ተክል መዝጋቢዎች እስከ ዛሬ አገሩን የሚከፋፍሉት የዕፅዋት ተመራማሪው ሂዊት ዋትሰን በ1852 ባሰመረው የቫይስ ካውንቲ ወሰን ነው። በጫካው ዳር ያለው ቺንግፎርድ ዛሬ ለንደን ነው። በእነሱ ካርታ ግን አሁንም ደቡብ ኤሴክስ ነው፣ ቁጥር 18። መጀመሪያ ግር ይላል። ግን የአስተዳደር ወሰን በየጊዜው ሲቀያየር ይሄኛው አለመነቃነቁ ነው የአያትን መዝገብ ከልጅ ልጅ መዝገብ ጋር ለማነጻጸር ያስቻለው።

ቀኑን በሐበሻ አቆጣጠር ጽፎ መርሳት

ይሄኛው ለእኛ ብቻ የተዘጋጀ ወጥመድ ነው። ግንቦት 1 ቀን 2017 ብሉቤል የሚባለውን አበባ አይተው ደብተርዎ ላይ 1/9/2017 ብለው ጻፉ እንበል። ከወራት በኋላ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 ሆኖ ቁጭ ይላል። ትክክለኛው ሜይ 9 ቀን 2025 ነበር። ብሉቤል በሴፕቴምበር አያብብም። መዝገቡን የሚያጣራው ሰው “ይሄ ሰውዬ ምን አይቶ ነው?” ይላል፣ መዝገቡም ውድቅ ይሆናል።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት የሰሙት የወፍ ዝማሬ 11:00 ተብሎ ከገባ፣ የማለዳው ዝማሬ ረፋድ ላይ የተሰማ ይሆናል። በደብተርዎ በአማርኛ መጻፍ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ይፈጥናል። ቀኑን ብቻ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወሩንም በቁጥር ሳይሆን በስም ይጻፉት። እዚያው ቆመው ይጻፉ። “ማታ ቤት ስገባ እጽፈዋለሁ” የተባለ ነገር ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከሚያውቁት በላይ መሰየም

አዲስ መዝጋቢ ዝርያውን እስከ መጨረሻው ካልሰየመ የረባ ሥራ የሠራ አይመስለውም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ብሉቤልን እንውሰድ። በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያ የጫካውን ወለል ሰማያዊ የሚያለብሰው እሱ ነው። የአገሬው ብሉቤል ጫፉ ጎበጥ ይላል፣ አበቦቹም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ። ቅጠሉ ጠባብ ነው፣ የአበባ ብናኙ ነጣ ያለ ነው። ከሰዎች ጓሮ አምልጦ የወጣው የስፔኑ ብሉቤል ቀጥ ብሎ ይቆማል። አበቦቹ ግንዱን ዙሪያውን ይከቡታል፣ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ብናኙ ሰማያዊ ነው። እዚህ ድረስ ጥሩ። ችግሩ ሁለቱ መዳቀላቸው ነው። ድቅሉ ከዚህም ከዚያም ይወስዳል፤ በቤቶች አቅራቢያና በመንገድ ዳር ደግሞ እሱን ማግኘት የተለመደ ነው። ስለዚህ ሰማያዊውን ምንጣፍ ከሩቅ አይቶ “የአገሬው” ብሎ መጻፍ ግምት እንጂ መዝገብ አይደለም። ጎንበስ ብለው ብናኙን ይመልከቱ። ከዚያም በኋላ ከተጠራጠሩ “ብሉቤል፣ ዝርያው ያልተለየ” ብለው ይጻፉ። ማንም አይስቅብዎትም።

ኦክም እንዲሁ ያሳስታል። እንግሊዝኛ ኦክ የሚባለው ፍሬው በረጅም ዘንግ ይንጠለጠላል፣ ቅጠሉ ግን ዘንግ የለውም ቢባል ይቀላል። ሰሲል ኦክ ላይ ይገለበጣል፦ ፍሬው ቅርንጫፉ ላይ ልጥፍ ያለ ነው፣ ቅጠሉ ዘንግ አለው። እነዚህም ይዳቀላሉ።

ወፎቹ ጋ ስንመጣ ቺፍቻፍና ዊሎው ዋርብለር አሉ። ሁለቱም ትንንሽ፣ አረንጓዴ ቢጫ፣ መንታ የሚመስሉ ናቸው። የሚለያቸው ዜማቸው ነው። ቺፍቻፍ የራሷን ስም ደጋግማ ትጠራለች፤ ዊሎው ዋርብለር እየወረደ የሚሄድ ለስላሳ ዜማ አላት። ዝም ካሉ “ከሁለቱ አንዷ” ማለት ነው ያለው አማራጭ።

ብራምብል የሚባለው የጫካው እንጆሪ ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። ያ እሾሃም ቁጥቋጦ በብሪታንያና በአየርላንድ ከ300 በላይ ጥቃቅን ዝርያዎች አሉት። እነሱን ሲለዩ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ለሌሎቻችን የጅምላ ስሙ ይበቃል። ቡናማ ትንንሽ እንጉዳዮችም ብዙዎቹ ያለ ማይክሮስኮፕ አይለዩም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ እንጉዳይ መመዝገብና እንጉዳይ መብላት ለየቅል ናቸው። ዴዝ ካፕ የሚባለው ገዳይ እንጉዳይ የሚበቅለው እዚሁ ኦክና ቢች ሥር ነው።

ቆንጆውን ፎቶ አንስቶ የሚያስፈልገውን መተው

ለማጣራት የሚጠቅመው ፎቶ ብዙውን ጊዜ አያምርም። እንጉዳይ ከሆነ ከላይ ያለው ቆቡ ብቻ አይበቃም፤ ከሥሩ ያለው ሽንሽኑና የግንዱ መነሻ መታየት አለበት። ስልኩን መሬት ላይ አስተኝተው ወደ ላይ ያንሱት፣ መንቀል አያስፈልግም። ዛፍ ከሆነ ቅጠሉን፣ ቅርፊቱንና ፍሬውን ለየብቻ ያንሱ። ተርብ የሚመስል ነገር ካዩ ዓይኑንና ክንፉን ያቅርቡ፤ ሁለት ክንፍ ብቻ ካለው ተርብ መስሎ የሚኖር ዝንብ ነው። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም ያስቀምጡ።

አፑ ያለውን እንዳለ መቀበል

አይናቹራሊስት ፎቶ አይቶ ስም ይገምታል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው መርሊን ደግሞ ድምፅ ሰምቶ ወፏን ይነግርዎታል። ሁለቱም ግሩም ናቸው፤ እኔም ያለ እነሱ አልወጣም። ግን አፑ የሚሰጥዎት ፍንጭ ነው። ስታርሊንግ የሌላ ወፍ ድምፅ ትቀዳለች። ጄይ የምትባለው ባለ ሰማያዊ ክንፍም የጉጉትን ጩኸት ትኮርጃለች። መርሊን ስም ካወጣ በኋላ ወፏን በዓይንዎ ይፈልጓት፣ ወይም ድምፁን ቀድተው ያስቀምጡ። መዝገቡ ላይም “በአፕ ብቻ የተለየ” ብሎ መጻፍ ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም።

አይናቹራሊስት ላይ “ለምርምር የሚበቃ” የሚለውን ማኅተም ብዙ ሰው እንደ መጨረሻ ፍርድ ያየዋል። ሁለት ሰው ከተስማማ ማኅተሙ ሊገኝ ይችላል፤ ከሁለቱ አንዱ እርስዎ ራስዎ ነዎት። አይሪከርድ የሚባለው የእንግሊዞቹ መድረክ ላይ ግን በየዘርፉ የሚያጣሩ ባለሙያዎች አሉ። “ይህን እንዴት ለየኸው?” ብለው ቢጠይቁ አይቀየሙ። ጥያቄው ነው መማሪያው።

ጉጉት ካነሳን፣ ሌሊት “ቱ-ዊት፣ ቱ-ሁ” ሲባል ሰምተው “አንድ ጉጉት” ብለው አይጻፉ። የመጀመሪያው የሴቷ ነው፣ ሁለተኛው የወንዱ። ያኔ የሰሙት ሁለት ጉጉት መሆኑ አይቀርም።

ብርቁን ብቻ መጻፍ

ሰው ጫካ ውሎ ይመለስና ደብተሩ ላይ አንድ ብርቅ ቢራቢሮ ብቻ ይኖራል። ሮቢን የምትባለው ወፍ፣ ሳማው፣ ግራጫው ሽኮኮ፣ አሽ የሚባለው ዛፍ ሁሉ ተረስቷል። “እሱማ የትም አለ።” አሽም የትም ነበር። በ2012 ዛፉን ከጫፉ ጀምሮ የሚያደርቀው የፈንገስ በሽታ ብሪታንያ ውስጥ መግባቱ ተረጋገጠ፤ ከዚያ ወዲህ በየጫካው እየደረቀ ነው። ከበሽታው በፊት የት የት እንደነበረ፣ ምን ያህል ጤነኛ እንደነበረ የሚነግረን ያኔ “ተራ ዛፍ ነው” ሳይል የጻፈ ሰው ብቻ ነው።

ወፍ ለሚመዘግቡ ደግሞ በርድትራክ የሚባለው መድረክ “ያየሁትንና የሰማሁትን በሙሉ ጽፌአለሁ” የሚል ምልክት አለው። ይህ ምልክት ዋጋው ትልቅ ነው። ዝርዝሩ ሙሉ ከሆነ የሌለችው ወፍም መረጃ ትሆናለች። ዝርዝሩ ተመርጦ የተጻፈ ከሆነ ግን አለመኖሯና አለመጻፏ አይለዩም።

በሜይ ብቻ መሄድ

ብሉቤል ሲያብብ ጫካው በሰው ይጥለቀለቃል፤ ከዚያ ጭር ይላል። በማርችና በኤፕሪል የምታብበው ነጯ የጫካ አኔሞን ዛፎቹ ቅጠል አውጥተው ብርሃኑን ሳይዘጉባት ሥራዋን ትጨርሳለች። በጁላይ ቢፈልጓት የለችም። እንጉዳይ ኦክቶበርን ይወዳል። በፈረንጆቹ ክረምት እርቃናቸውን የቆሙ ዛፎች ደግሞ በእምቡጣቸው ይለያሉ፦ የአሽ ጥቁር ነው፣ የቢች ረጅምና ሹል። አንድ አጭር መንገድ መርጠው በየወሩ እሱኑ ቢመላለሱበት፣ በየሳምንቱ አዲስ ጫካ ከመዞር ይበልጣል።

የተተከለውንና የበቀለውን መቀላቀል

ጫካ ዳር ያለ ዳፎዲል የሚባል አበባ ወይ ሰው ተክሎታል፣ ወይ ከጓሮ ቆሻሻ ጋር ተጥሎ በቅሏል። መዝግቡት፣ ግን “የተተከለ ይመስላል” የሚለውን ይጨምሩ።

አንዱን ነገር ሁለት ቦታ ማስገባት

የብሪታንያ የአይናቹራሊስት መዝገቦች ወደ አይሪከርድ ይሻገራሉ። ሁለቱም ላይ ከጫኑ አንዲት ቢራቢሮ ሁለት ትሆናለች። አንዱን ይምረጡ።

ለመመዝገብ ብሎ መጉዳት

የ1981 የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ ማንኛውንም የዱር ተክል ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ መንቀልን ይከለክላል። ኤፒንግ ደን ውስጥ እንጉዳይ መልቀምም ክልክል ነው። የወደቀ ግንድ ገልብጠው ሥሩ ያለውን ጢንዚዛ ካዩ፣ ግንዱን ቀስ ብለው እንደነበረ ይመልሱት፤ ያ ጣሪያው ነው። ሊጎዱ የሚችሉት ራስዎንም ነው። በሰልፍ የሚሄዱት የኦክ አባጨጓሬዎች ለንደን ውስጥ ከ2006 ጀምሮ አሉ፤ ፀጉራቸው ቆዳና ዓይን ያስቆጣል፣ ትንፋሽም ያስቸግራል። ከሩቅ ፎቶ አንስተው ትሪአለርት ለሚባለው የመንግሥት የዛፍ ጤና መድረክ ያሳውቁ።

ባጀር የሚባለው የዱር እንስሳ ጉድጓድ፣ የብርቅ አሞራ ጎጆ ወይም የሌሊት ወፍ ማደሪያ ያገኙ እንደሆነ ደግሞ ትክክለኛውን ቦታ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አይለጥፉ። ባጀር በ1992 ሕግ ተጠብቆም ቢሆን ውሻ ይዘው የሚያድኑት ሰዎች አሉ። ዝርዝሩን ለአካባቢው የመዝገብ ማዕከል ይላኩ፤ እነሱ ሙሉውን ቁጥር ይይዛሉ፣ ለሕዝብ የሚያሳዩት ሰፋ ያለውን ካሬ ነው። ፎቶውን ለወዳጅ ከመላክዎ በፊትም ስልክዎ ፎቶው ውስጥ የሸሸገውን የቦታ መረጃ ያጥፉት።