ሉብሊን ላይ አፓርትመንት እንዴት መከራየት ይቻላል?

ሉብሊን በምሥራቅ ፖላንድ የምትገኝ፣ ከ300 ሺህ በላይ ሕዝብና በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ያሏት ከተማ ናት። ትምህርት የሚጀመረው በኦክቶበር መባቻ ስለሆነ በሴፕቴምበር ቤት ፈላጊው ይበዛል፤ የሚቻል ከሆነ ፍለጋውን ሐምሌ ላይ ይጀምሩ።

ማስታወቂያዎቹ በአብዛኛው ኦኤልኤክስ እና ኦቶዶም በተባሉት ድረ ገጾች ላይ ይወጣሉ። ፖላንዶች ሳሎኑንም እንደ ክፍል ስለሚቆጥሩ «ባለ ሁለት ክፍል» የተባለው ቤት አንድ መኝታ ቤትና ሳሎን ማለት ነው፤ ባለ አንድ ክፍሉ «ካቫሌርካ» ይባላል። በትልቁ የተጻፈው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ለባለቤቱ የሚከፈለው ብቻ ነው። በዚያ ላይ «ቺንሽ» የሚባለው፣ ለሕንፃው አስተዳደር የሚገባው ወርኃዊ ክፍያ ይጨመራል፤ መብራትና ጋዝ ደግሞ በቆጣሪ ለብቻቸው ይታሰባሉ። ለምሳሌ 1,800 ዝሎቲ የተባለ ቤት 500 ቺንሽና 250 የመብራትና የጋዝ ወጪ ካለበት፣ በየወሩ ከኪስ የሚወጣው 2,550 ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ስልክ ጥሪ ሦስቱንም ለይተው ይጠይቁ።

ቤቱን በአካል ሳያዩ ምንም ገንዘብ አይላኩ። ሲያዩም ስለ ማሞቂያው ይጠይቁ። ከከተማው ማዕከላዊ ማሞቂያ ጋር የተገናኘ ቤት እመርጣለሁ፤ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ አሮጌ ሕንፃ ኪራዩ ቢረክስም የክረምቱ የመብራት ሂሳብ ትርፉን ይበላዋል። የባለቤትነት መዝገቡን ቁጥር ከአከራዩ ከተቀበሉ፣ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ በፍትሕ ሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል።

ለውጭ አገር ሰው አስቸጋሪው ደረጃ ውሉ ነው። ብዙ ባለቤቶች የሚፈልጉት «ናየም ኦካዚዮናልኒ» የተባለውን የውል ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም ተራ ውል የፈረመን ተከራይ ከቤት ለማስወጣት የፍርድ ቤት ሂደቱ ረጅም ነው። በዚህኛው ውል ግን ተከራዩ ውሉ ሲያበቃ ቤቱን እንደሚለቅ፣ የእኛን አገር የውልና ማስረጃ ሥራ በሚሠራ ኖታሪ ፊት አስቀድሞ ቃሉን ይሰጣል። ከዚህ ጋር ቤቱን ከለቀቀ የሚገባበትን ሌላ አድራሻና የዚያን ቤት ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድ ማቅረብ አለበት።

እኔ ይህን ያወቅሁት በዋጋው ከተስማማን በኋላ፣ ለመፈረም በተቀጠርንበት ሳምንት ነበር። ፖላንድ ውስጥ ቤት ያለው ሰው ስለማላውቅ በኢንተርኔት አድራሻ ከሚሸጥ ድርጅት ገዛሁ። አከራይዋ አድራሻውን ስታጣራ እውነተኛ መኖሪያ አለመሆኑን ደረሰችበትና ውሉን ተወችው፤ ገንዘቤም ቤቱም ቀሩ፤ ሁለት ሳምንት ሆስቴል አደርሁ። የተገዛ አድራሻ ቢያልፍ እንኳ አደጋው አይቀርም፤ ወደዚያ ቤት የመግባት መብት ሲጠፋ ተከራዩ በ21 ቀናት ውስጥ ሌላ አድራሻ ካላቀረበ፣ ባለቤቱ የ7 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል።

ስለዚህ ቤት ከመፈለግዎ በፊት አድራሻ ይፈልጉ። አድራሻው የግድ ሉብሊን መሆን የለበትም፤ ዋርሶ ቤት የገዛ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ካለ ይበቃል። ፈቃጁ ሰው ለኪራዩ ዕዳ ዋስ እንደማይሆን አስቀድመው ያስረዱት፤ ብዙዎች እምቢ የሚሉት ይህን ስለሚፈሩ ነው። ሰው ከጠፋ፣ በኩባንያ ደረጃ የሚያከራዩ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ውል የኖታሪውን ቃል እንጂ ሌላ አድራሻ አይጠይቅም፤ አንዳንድ ግለሰቦችም ከፍ ያለ ማስያዣ ተቀብለው በተራ ውል ያከራያሉ።

ለዚህ ቃል ኖታሪው የሚያስከፍለው ከዝቅተኛው የወር ደመወዝ አንድ አሥረኛ መብለጥ የለበትም፤ ደመወዙ 4,666 ዝሎቲ በነበረበት በ2025 ጣሪያው 467 ገደማ ነበር፤ ታክሱ ለብቻው ነው። ፖላንድኛ የማይችል ሰው ቃለ መሐላ የፈጸመ አስተርጓሚ ስለሚያስፈልገው፣ የአስተርጓሚውን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን ቀድመው ይስማሙ።

ቁልፍ ሲረከቡ የርክክብ ፕሮቶኮል ይፈራረሙ፤ የቆጣሪዎቹን ንባብና እያንዳንዱን ጭረት ፎቶ ያንሱ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣና ከ30 ቀን በላይ የሚቆይ ሰው በገባ እስከ 4ኛው ቀን ድረስ ውሉን ይዞ በከተማው ጽሕፈት ቤት አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት። አንዳንድ አከራዮች ምዝገባው በቤታቸው ላይ መብት የሚሰጥ እየመሰላቸው ይከለክላሉ፤ በሕጉ ግን ምዝገባው ነዋሪን ከመቁጠር ያለፈ ውጤት የለውም። ይህን ከመፈረምዎ በፊት ተነጋግረው ውሉ ውስጥ ያስገቡት።

ሲለቁም ያንኑ ፕሮቶኮል ይዘው ቤቱን ከባለቤቱ ጋር ይዙሩ። ማስያዣው፣ ያልተከፈለ ሂሳብና የጉዳት ዋጋ ካለ ተቀንሶለት፣ ቤቱን በለቀቁ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለበት።