አምባዛን እንደ ተፈጥሮ አመጋገቡ በኩሬ ውስጥ እንዴት መቀለብ ይቻላል?

አምባዛ ከወንዝ ወጥቶ ኩሬ ቢገባም የአመጋገብ ልማዱን አይለውጥም። ስለዚህ ለዓሣው መኖ ከማዘጋጀት በፊት በወንዝ ውስጥ ምን፣ መቼና እንዴት እንደሚበላ ማወቅ ያስፈልጋል።

የአፍሪካ አምባዛ ሁሉን በል ነው። የነፍሳት ዕጭ፣ ቀንድ አውጣ፣ እንቁራሪት፣ ሌሎች ዓሦች፣ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳት፣ ወደ ወንዙ የሚወድቅ ዘርና ፍሬ፣ እንዲሁም ወለሉ ላይ የሚገኝ ብስባሽ ሁሉ ምግቡ ነው። ዓይኖቹ ትንንሽ በመሆናቸው ምግቡን በዋናነት የሚፈልገው በአፉ ዙሪያ ባሉት ስምንት ረጃጅም ጢሞች እየዳሰሰና እየቀመሰ ስለሆነ፣ የደፈረሰ ውሃም ሆነ የሌሊት ጨለማ አያግደውም። የአምባዛን አፍ ከፍቶ ያየ ሰው በመንጋጋዎቹ ላይ እንደ ሞረድ የሚሻክሩ እጅግ ጥቃቅን ጥርሶች ተደርድረው ያገኛል። እነዚህ ጥርሶች የተያዘው እንዳያመልጥ ያደርጋሉ እንጂ አያኝኩም፤ አምባዛ የሚበላውን የሚውጠው እንዳለ ነው። በዚህም ምክንያት የመኖው ፍሬ መጠን ከዓሣው አፍ ስፋት ጋር መመጣጠን አለበት።

መጀመሪያ መኖውን እንደ ዕድሜው ይምረጡ። ጫጩቶች ከተፈለፈሉ ከሦስት ቀን ገደማ በኋላ፣ ይዘውት የተወለዱት አስኳል ሲያልቅ መብላት ይጀምራሉ፤ በዚህ ጊዜ እንደ አርቴሚያ ያሉ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን እንስሳት ይስማሟቸዋል። ከዚያ በኋላ ከ40 እስከ 50 በመቶ ፕሮቲን ያለው ደቃቅ መኖ፣ ካደጉም በኋላ ከ30 እስከ 40 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ይሰጣቸዋል።

ቀጥሎ የቀኑን መጠን ያስሉ። ጥቂት ዓሦችን በመረብ አውጥተው ይመዝኑና አማካይ ክብደታቸውን በዓሦቹ ቁጥር ያባዙ። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው በአማካይ 150 ግራም የሚመዝኑ 200 ዓሦች በጠቅላላው 30 ኪሎ ግራም ይሆናሉ፤ የዚህ 3 በመቶ 900 ግራም ስለሆነ የቀኑ መኖ ይህ ነው። ለትንንሾቹ እስከ 5 በመቶ ከፍ ይደረጋል፤ ለትልልቆቹ ደግሞ ይቀነሳል። ክብደቱ በየሁለት ሳምንቱ ካልታደሰ ግን ስሌቱ ብዙም አይጠቅምም።

መኖውን ማለዳና አመሻሽ ላይ ከፍለው ይስጡ። አምባዛ በተፈጥሮው የሚንቀሳቀሰው ይበልጥ በጨለማ ስለሆነ፣ ከሁለቱ የአመሻሹን ድርሻ ከፍ ማድረግ የተሻለ ይመስለኛል። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይበትኑ፤ ዓሦቹ መሻማታቸው ሲቀዘቅዝ የቀረውን መኖ አይጨምሩ። የውሃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ፍላጎታቸው ከፍተኛ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ግን ስለሚቀንስ መጠኑም አብሮ መቀነስ አለበት።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው እርስ በርስ መበላላታቸው ነው። ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ጫጩቶች እንኳ እኩል አያድጉም። ቀድሞ የፈረጠመው መጀመሪያ የወንድሙን ጭራ ይነክሳል፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ደግሞ ከራሱ ጀምሮ እንዳለ ይውጠዋል። መኖ ማብዛት ይህን ቢቀንሰውም አያስቀረውም፤ አስተማማኙ መንገድ ጫጩቶቹን ደጋግሞ በመጠን እየለዩ ትልልቆቹን ለብቻቸው ማኖር ነው። ቀለብ የሚቀርብበትን ሰዓት አለማዛነፍም ይረዳል፤ የራበ አምባዛ አጠገቡ ያገኘውን ይበላልና።

በመጨረሻም ውሃውን ይከታተሉ። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ ባለው ተጨማሪ አካል ከአየር ላይ ስለሚተነፍስ፣ ሌላ ዓሣ የሚሞትበትን ኦክስጅን ያነሰው ውሃ ችሎ ይቆያል። ይህም አርቢውን ያዘናጋል፤ የተረፈው መኖ ወለሉ ላይ እየበሰበሰ ውሃውን ሲመርዘው ዓሦቹ ወዲያው ስለማይሞቱ ችግሩ ሳይታይ ይቆያልና። ዓሦቹ ከወትሮው በላይ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ እየወጡ አየር ሲስቡ ወይም ውሃው ሲሸት ካስተዋሉ መኖውን ለአንድ ቀን ያቁሙ፣ የውሃውን ከፊል ይለውጡ፣ ከዚያም በግማሽ መጠን ይጀምሩ።