የባቡር ግቢ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭን ከፎቶ መለየት

ወሎ ሐዲድ ያየችው የእንፋሎት ዘመን ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ከመነሻው ለኤሌክትሪክ የተነደፈ ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ የድሮ ሎኮሞቲቮችን የሚያጠና ሰው ታዲያ ዋናው መሣሪያው ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ያለው አገር አቋራጭ ነው ወይስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ፉርጎ ሲገፋና ሲያሰልፍ የሚውል?

መጀመሪያ ጎማ ይቁጠሩ። ፎቶ የሚያሳየው አንዱን ጎን ብቻ ስለሆነ በሁለት ያባዙት። የዋይት አጻጻፍ የሚባለው ሦስት ቁጥር አለው፦ የፊት መሪ ጎማዎች፣ መሃል ላይ በፒስተን የሚዞሩት፣ የኋላ ተሸካሚዎች። የግቢው አብዛኛውን ጊዜ 0-4-0፣ 0-6-0 ወይም 0-8-0 ነው። ከሎኮሞቲቩ ኋላ ተያይዞ ከሰልና ውሃ የሚሸከመው የተሳቢው ጎማ አይቆጠርም፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱ ዜሮዎች የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናቸው። መሪ ጎማ የሚያስፈልገው በፍጥነት ኩርባ ለሚገባ ነው። ግቢ ውስጥ ፍጥነት የለም፣ የሚፈለገው ጉልበት ነው፤ ስለዚህ ክብደቱ በሙሉ በሚዞሩት ጎማዎች ላይ ያርፋል። ባዶ አይሱዙ በክረምት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ የኋላ ጎማው ይንሸራተታል፤ ሲጫን ግን መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል። ሎኮሞቲቭም እንዲሁ ነው።

ቀጥሎ የጎማውን ቁመት አጠገቡ ከቆመ ሰው ጋር ያስተያዩ። የግቢው 1.3 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከደረት ብዙም አያልፍም፤ የፈጣን መንገደኛ ባቡር ጎማ ግን 2 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ተሳቢው ይሂዱ። የአሜሪካ የግቢ ሎኮሞቲቮች ላይ የተሳቢው ጀርባ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ዘቅዝቆ ተሠርቷል፤ ነጂው ወደ ኋላ ሲሄድ ሐዲዱንና ፉርጎ የሚያያይዘውን ሠራተኛ እንዲያይ ነው። ፊትና ኋላ ሠራተኛ የሚቆምበት የብረት መርገጫና መጨበጫ፣ በሁለቱም ጫፍ መብራት ካለ ጥርጣሬው ይቀንሳል።

ጉልበቱን ለማስላት፦ 0.85 × የቦይለር ግፊት × የሲሊንደር ዲያሜትር በራሱ ተባዝቶ × የፒስተን ጉዞ ÷ የጎማ ዲያሜትር። 0.85 የገባው ሲሊንደር ውስጥ የሚሠራው ግፊት ከቦይለሩ ስለሚያንስ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያወጣውን የ0-6-0 ንድፍ እንውሰድ፤ ግፊት 13.4 ኪሎ በስኩዌር ሴንቲሜትር፣ ሲሊንደር 53.3 ሴንቲሜትር፣ ጉዞ 71.1፣ ጎማ 129.5። ውጤቱ 17,700 ኪሎ ገደማ የመሳብ ኃይል ነው። ሎኮሞቲቩ 74 ቶን ገደማ ስለሚመዝን ክብደቱ ከጉልበቱ ከአራት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። ከአራት እጥፍ ብዙ ከወረደ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ሐዲዱንም ይበላዋል፤ አሸዋ ሐዲድ ላይ የሚያፈሱት ቱቦዎች ለዚህ ናቸው። ስሌቱ ከተዛባ ኢንችና ሴንቲሜትር ቀላቅለው ይሆናል፣ ወይም ዲያሜትሩን በራሱ ማባዛት ረስተዋል።

የሚያሳስቱ ፎቶዎች አሉ። እንግሊዝ አገር ባለተሳቢ 0-6-0 የዋና መስመር ዕቃ ጫኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥም ያረጀ 2-8-0 ወደ ግቢ ሥራ ይወርድ ነበር። ለእኛ የሚቀርበው የአስመራው ደግሞ፣ በ950 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄደው፣ የጣሊያኑ ፋብሪካ ብሬዳ የሠራው 0-4-0፣ ውሃውን ራሱ ላይ ስለሚሸከም ተሳቢ የለውም፤ እሱን በጎማው ብቻ ይለዩት።

ዘመኑን ለመገመት ሁለት ዓመተ ምሕረት ይያዙ፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. ናቸው። በ1925 የአሜሪካው ባቡር ኩባንያ የኒው ጀርሲ ሴንትራል ቁጥር 1000፣ ባለ 300 የፈረስ ጉልበት ዲዝል፣ ኒው ዮርክ ውስጥ የግቢ ሥራ ጀመረ፤ የከተማዋ የጭስ ክልከላ ገፍቶታል። እንፋሎቱ ፉርጎ ሲጠብቅም እሳቱ ስለማይጠፋ ቆሞም ከሰል ይበላል፣ አመዱም በየጊዜው መጠረግ አለበት። ቢሆንም ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን የከሰል አገር ባቡር ስለነበር ወደ ዲዝል ለመዞር አልቸኮለም፤ የመጨረሻውን 0-8-0፣ ቁጥር 244ን፣ በራሱ የሮአኖክ ወርክሾፕ የጨረሰው በታኅሣሥ 1953 ነው። ፎቶዎ ላይ አዲስ ቀለም የተቀባ 0-8-0 ካዩ፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የ1918 (እ.ኤ.አ.) ነው ብለው ሳይቸኩሉ የጎኑን ቁጥር ያንብቡ።