ፕራይመር ተቀብቼ ፊቴ ለምን ባሰበት?

ፕራይመር ከፋውንዴሽን በፊት የሚቀባ ስስ ሽፋን ነው። ሻካራውን ያለሰልሳል፣ ቀዳዳውን ይሸፍናል፣ መቅላቱን ያደበዝዛል። ብጉር ግን አያድንም። «አልሠራልኝም» የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ወይም ከላዩ ካለው ነገር ጋር ስላልተስማማ ነው። ስለዚህ ሌላ ከመግዛትሽ በፊት ምልክቱን እዪ።

እየተጠቀለለ ይነሳል

ልክ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ። ከሁሉም የሚያናድደው ይሄ ነው፤ ሰበቡም ብዙ ነው። አንዱ ጥድፊያ ነው። ሞይስቸራይዘሩ ወይም ሰንስክሪኑ ቆዳሽ ላይ ሳይረጋ ፕራይመር ከደረብሽበት አይዝም። ጣትሽ ማንሸራተቱን እስኪተው ጥቂት ደቂቃ ታገሺ። ሌላው መብዛቱ ነው። ለሙሉ ፊት የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች።

ሦስተኛው አለመጣጣም ነው። ሲሊኮን ፕራይመር ላይ ውሃ የበዛበት ፋውንዴሽን ብዙ ጊዜ አይቀመጥም። ከይዘት ዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ዳይሜቲኮን ወይም በ«ሲሎክሴን» የሚያልቅ ስም ካየሽ ሲሊኮን ነው። ፕራይመሩንና ፋውንዴሽኑን እጅሽ ጀርባ ላይ ደርበሽ ሞክሪ። እዚያ ከተጠቀለለ ፊትሽ ላይም አይምርሽም። ስትቀቢም አትሺ፤ መታ መታ አድርጊ።

ያቃጥላል፣ ያሳክካል

«ይለመዳል» ብለሽ አትቻይው፤ ወዲያው ታጠቢው። ሽቶና አልኮል ቆዳ በማስቆጣት ይታወቃሉ። ማታ ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት) ወይም ቆዳ የሚልጥ አሲድ ያለበት ነገር ተቀብተሽ ከሆነም የተቆጣ ቆዳ ጠዋት ምንም ቢነካው ሊቃጠል ይችላል። ቆዳሽ እስኪረጋጋ ሁሉንም ተዪና ሽቶ የሌለው ሞይስቸራይዘር ብቻ ተጠቀሚ። አዲስ ፕራይመር ስትገዢ መጀመሪያ ክንድሽ ውስጠኛው ክፍል ላይ ለሳምንት ያህል ሞክሪው።

ፊትሽ አመዳማ ሆነ

አረንጓዴ ፕራይመር ቀይን ያደበዝዛል፤ ሁለቱ ተቃራኒ ቀለሞች ናቸውና። ጠይም ፊት ላይ ሙሉ በሙሉ ሲቀባ ግን አመድ ያስመስላል። የቀላው ቦታ ላይ ብቻ፣ በስሱ ይበቃል። ብጉር ጥሎት ለሄደው ጥቁር ነጠብጣብ አረንጓዴ አይረባም። እዚያ የሚሠራው ብርቱካናማ ነው፤ ቆዳሽ በጠቆረ መጠን ብርቱካናማውም ደመቅ ይበል።

ቅርፊቱ ጎልቶ ወጣ

ደረቅ ቆዳ ላይ ወዝ የሚመጥ ፕራይመር ቀብተሻል ማለት ነው። እርጥበት የሚይዙት ግሊሰሪን ወይም ሃያሉሮኒክ አሲድ (ስሙ አሲድ ቢሆንም ቆዳ አይልጥም) ወዳለበት ቀይሪ። ቅርፊቱን አትፈግፍጊው።

ብጉር ጨመረ

ሁሉም ሲሊኮንን ይወቅሳል። ዳይሜቲኮን ግን በራሱ ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ አይታማም። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የማታውን አስተጣጠብና ያልታጠበውን ስፖንጅ ነው። ሜካፑን በማስለቀቂያ ዘይት ወይም ባልም አስለቅቂ፣ ከዚያ በለስላሳ የፊት ሳሙና ታጠቢ። የፈነዳ ብጉር ላይ እስኪደርቅ ምንም አትቀቢ።

ፕራይመሩ ላይ ኤስፒኤፍ (የፀሐይ መከላከያ መጠን) የሚል ስላየሽ ሰንስክሪን አትተዪ። በአተር ፍሬ መጠን የተቀባ ነገር የተጻፈውን ያህል አይከላከልም፤ ጥቁር ነጠብጣብን ደግሞ ፀሐይ ያብስበታል።

መቅላቱ ለሳምንታት ካልለቀቀሽ፣ ወይም ፊትሽ እየጋለ ሽፍታ ካወጣ ሮዛሺያ የሚባለው ፊት የሚያቀላ የቆዳ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። በዚያን ቀን ምንም ሳትቀቢ፣ የምትጠቀሚያቸውን ሁሉ ከነዕቃቸው ይዘሽ ሂጂ።