የብስክሌት ክለብ አቀበት የበዛበትን ረጅም ጉዞ አብሮ የሚጨርሰው እንዴት ነው?

ሜዳ ላይ አሥር ሰው እንደ አንድ ሰው ሊጋልብ ይችላል፤ አቀበት ላይ ግን አይሆንም። በሜዳ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌተኛ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚጨርሰው አየሩን በመሰንጠቅ ስለሆነ፣ ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ የሚጋልብ ሰው የጉልበቱን ሩብ ወይም ከዚያ በላይ ይቆጥባል፤ ስለዚህ ደካማውም ከብርቱው ጋር እኩል መሄድ ይችላል። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ግን ብስክሌተኛው የሚታገለው ከራሱና ከብስክሌቱ ክብደት ጋር ነው፤ ያን ደግሞ ማንም ሊከልልለት አይችልም። በመሆኑም ኮረብታማ በሆነ ረጅም ጉዞ ላይ የሚሳተፍ ክለብ ከሁሉ አስቀድሞ የት ተለያይቶ የት እንደሚሰበሰብ መወሰን አለበት።

መንገዱን ቀድሞ ማንበብ

በመጀመሪያ የመንገዱን የከፍታ ንድፍ በጥሞና መመልከት ያስፈልጋል። ጠቅላላውን ርቀትና ጠቅላላውን ሽቅብ ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል፤ 160 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 2,000 ሜትር ሽቅብ ያለው መንገድ ብዙ አጫጭር ጉብታዎች ያሉበት ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ረጃጅም ተራሮች ያሉበትም ሊሆን ይችላል። ጉብታዎቹ ቡድኑን ብዙም አያላቅቁትም፤ ተራሮቹ ግን ቡድኑን መበተናቸው አይቀርም። ለእያንዳንዱ ረጅም አቀበት የሚጀምርበትን ኪሎ ሜትር፣ የሚያልቅበትን ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ዳገትነቱንና ከሁሉ የከፋውን ቦታ መዝግቡ። 8 በመቶ ማለት በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ ማለት ነው። አማካዩ ግን ብዙ ነገር ይደብቃል፤ «6 በመቶ» በተባለ አቀበት ውስጥ ሜዳ የሆነ ኪሎ ሜትርና 11 በመቶ የሆነ ኪሎ ሜትር ተከታትለው ሊመጡ ይችላሉ። እኔ ይህን ሁሉ በጠባብ ወረቀት ላይ ጽፌ በብስክሌቱ አግዳሚ ብረት ላይ በፕላስተር እለጥፈዋለሁ። «42–51፣ 6፣ መጨረሻው 10» የሚለው አጭር መስመር፣ ላብ ዓይን ውስጥ በገባበት ሰዓት እንኳ ይነበባል።

ማርሹን ማስተካከል

ብዙ ጀማሪ ቀላል ማርሽ ማስገጠምን እንደ ሽንፈት ያየዋል፤ ይህ ጉልበትን የሚበላ ኩራት ነው። ፊት 34 ጥርስ፣ ኋላም 34 ጥርስ ያለው ብስክሌት ፔዳሉ በደቂቃ 70 ጊዜ ሲዞር በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የኋላው ትልቁ ማርሽ 28 ጥርስ ያለው ቢሆን ኖሮ በዚያው ፍጥነት ፔዳሉ የሚዞረው 58 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ዙር በዚያው መጠን ይከብዳል፣ ሸክሙም በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ ጉዞ ይህ ላይሰማ ይችላል፤ ለስምንት ሰዓት ግን በደንብ ይሰማል። ለውጡን ከጉዞው ጥቂት ሳምንታት በፊት አድርጋችሁ ተለማመዱበት፤ በዋዜማው የተነካካ ብስክሌት በማግስቱ ያጋልጣል።

መለያያና መሰብሰቢያ

ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የሚረዝም አቀበት አለ እንበል። ብርቱው አባል በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢወጣ 45 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ዘገምተኛው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ቢወጣ ከ67 ደቂቃ በላይ ያስፈልገዋል። በመካከላቸው የ22 ደቂቃ ልዩነት አለ ማለት ነው። ብዙ ክለቦች ይህን ልዩነት የሚፈቱት ፈጣኖቹን ተራራው ጫፍ ላይ በማስጠበቅ ነው። እኛም በአንድ ጉዞ ላይ እንዲሁ አድርገን፣ በላብ በራሰ ልብስ ነፋስ እየመታን 25 ደቂቃ ቆምን፤ ቁልቁለቱን ስንጀምር ሁለት ጓደኞቻችን ከብርዱ የተነሳ መሪው በእጃቸው ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምንከተለው አሠራር ተቃራኒው ነው። ዕረፍቱን ከአቀበቱ ግርጌ እናደርጋለን። ዘገምተኞቹ ውኃቸውን ሞልተው፣ ትንሽ ቀምሰው፣ ከማንም ቀድመው ይነሣሉ፤ ፈጣኖቹ የቀረውን ዕቃ ይሰበስባሉ፣ የላላ ነገር ያጠብቃሉ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ዘግይተው ይከተላሉ። ሁሉም በራሱ ፍጥነት ወጥቶ ጫፉ ላይ የሚገናኘው በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ነው። ከፊት የሄደውም ሰው ብቻውን የቀረ አይመስለውም፤ ይህ ለሞራል ከሚታሰበው በላይ ይጠቅማል። ከሁሉም በስተኋላ አንድ ልምድ ያለው የኋላ ጠባቂ ይመደብ፤ ሥራው ማንንም መግፋት ሳይሆን ከሱ ኋላ ማንም እንዳይቀር ማድረግ ነው።

አወጣጡን በተመለከተ አንድ ሕግ ይበቃል፦ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል።

ምግብና ውኃ

ብስክሌቱን ጨምሮ 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ለከፍታው ብቻ ከ750 እስከ 850 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል፤ ምክንያቱም ሰውነት ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ፔዳሉ የሚያደርሰው ሩብ ያህሉን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በመንገድ ላይ መተካት አይቻልም፤ ጉድለቱን ማጥበብ ግን ይቻላል። በየሰዓቱ 60 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት መውሰድ ጥሩ መነሻ ነው፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ ከዚህ ውስጥ 25 ግራም ያህሉን ይሸፍናል። ሆዳቸውን በልምምድ ያስለመዱ ሰዎች እስከ 90 ግራም ይደርሳሉ። ውኃ እንደ ሙቀቱ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ይጠጣል። ዋናው ነገር ሳይርብ መብላት ነው፤ አንድ ጊዜ ጉልበት ከከዳ ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። የመንገድ መሪው በየ30 ደቂቃው «ብሉ» ብሎ ቢጮኽ ማንም ሊቀየመው አይገባም። በዳገት ላይ ማኘክ ከትንፋሽ ጋር ስለሚጋጭ፣ አቀበቱ ሊጀምር አሥር ደቂቃ ሲቀረው መጉረስ ይሻላል።

ቁልቁለት

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌት በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከፊት ካለው ሰው ቢያንስ የሁለት ሴኮንድ ርቀት፣ ማለትም ከ30 ሜትር በላይ፣ መጠበቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በሜዳ ላይ የሚደረገው መጠጋጋት እዚህ ቦታ የለውም። ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ ተደርጎ ይያዝና ይለቀቃል። ሳይለቁ ለረጅም ጊዜ እየጎተቱ መውረድ፣ በተለይ የጎማውን ጠርዝ (ቸርኬውን) በሚነክስ ፍሬን፣ ጠርዙን ያግለዋል፤ ሙቀቱ ሲበዛ የውስጥ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ከመውረዳችሁ በፊት ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ልበሱ፤ ከሌለ ደግሞ አሮጌ ጋዜጣ ደረት ላይ ከማልያው ሥር ማስገባት ብስክሌተኞች የቆየ ዘዴያቸው ነው፣ ዛሬም ይሠራል።

ሰዓቱ የሚጠፋበት ቦታ

በብዙ አገር የሚዘጋጀውና ብሬቬ የሚባለው የ200 ኪሎ ሜትር ጉዞ የሚሰጠው ጊዜ 13 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነው፤ ይህም ዕረፍትን ጨምሮ በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ክለቦች ሰዓት የሚያልፍባቸው ባብዛኛው በዳገት ሳይሆን በዕረፍት ነው። አንዱ ጓንቱን ያወልቃል፣ ሌላው ስልክ ያወራል፣ ሦስተኛው ሁሉም ሊነሣ ሲል ሽንት ቤት ይፈልጋል፤ አሥር ደቂቃ የተባለው 25 ይሆናል። አራት ጊዜ እንዲህ ከሆነ አንድ ሰዓት ጠፋ፤ በእግር ጉልበት የማይመለስ ሰዓት ነው። ስለዚህ መሪው ሲቆም የመነሻውን ሰዓት ጮክ ብሎ ይናገር፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ያስጠንቅቅ፣ በሰዓቱም ይነሣ።

ጎማ ሲተነፍስም ሁሉም መቆም የለበትም፤ ሁለት ሰው ቀርቶ ሌላው በዝግታ መሄድ ይችላል። እያንዳንዱ አባል ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ጎማ ማውጫና መንፊያ ይያዝ። አዲሱ ከመግባቱ በፊት የውጪውን ጎማ ውስጡን በጣት ዳብሱት፤ የወጋው እሾህ ወይም ስባሪ እዚያው ካለ ሁለተኛውንም ይበሳዋል።

መድረሻው ላይ መሪው የጠዋቱን ስም ዝርዝር ይዞ ይቁም። አቋርጦ በመኪና የተመለሰ ካለ ያም በስሙ አንጻር ይጻፍ፤ የኋላ ጠባቂው ደርሶ ከኋላው ማንም እንደሌለ እስኪያረጋግጥ ድረስ ዝርዝሩ አይታጠፍም።